«ሃርድ» እና «ሃርድሊ»

በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻዬ ላይ «በትጋት እሠራለሁ» ለማለት «አይ ወርክ ሃርድሊ» ብዬ ጽፌ ላክሁ፤ ለካ አንባቢው የሚረዳው «እምብዛም አልሠራም» ብሎ ነው! እንዴት ነው ነገሩ? በቅጽል መጨረሻ «ሊ» ሲጨመር ተውሳከ ግስ እንደሚሆን ለዓመታት ተምረናል። «ስሎው» «ስሎውሊ»፣ «ኩዊክ» «ኩዊክሊ» ይሆናል። ያለ «ሊ»ም «በትጋት» ማለት የሆነው «ሃርድ» ላይ ስንደርስ ግን ደንቡ ይከዳናል፤ ያችው «ሊ» ትጋትን ወደ ስንፍና ትለውጣለች። «ሌትሊ»ም ቢሆን «ሰሞኑን» እንጂ «አርፍዶ» ማለት አይደለም። ይባስ ብሎ፣ «ሃርድሊ» በጥንት ዘመን «በብርታት» ማለት እንደነበር ሳውቅ ንዴቴ እጥፍ ሆነ፤ ስህተት የተባለብኝ እኮ የቃሉ የቀድሞ ትርጉም ነው! ታዲያ ደንቡን ሲያስተምሩን ከደንቡ የሚያፈነግጡትን እነዚህን ጥቂት ቃላት አብረው የማይነግሩን ለምንድን ነው?