ጋሽ አባል እና የማይናወጠው አቋማቸው

«የኢትዮጵያ መራጭ ርዕዮተ ዓለም የለውም» የሚሉ ምሁራን አሉ። ጋሽ አባልን ስለማያውቋቸው ነው። ጋሽ አባል አርባ ዓመት ሙሉ ከአንድ አቋም ንቅንቅ ብለው አያውቁም። የሚወላውሉት ፓርቲዎቹ ናቸው።

የደርግ ፓርቲ ኢሠፓ በ1976 ማብቂያ ሲመሠረት ገና ለጋ ማርክሲስት ሌኒኒስት ነበሩ። የካቲት 1982 ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ፣ «እኔም በሆዴ ይዤው ነበር» ብለው በዚያው ሳምንት ተቀየጡ። ግንቦት 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ ትንሽ አመማቸው፤ ሲያገግሙ አብዮታዊ ዴሞክራት ሆነው ተነሡ። ኒዮሊበራሊዝምን ስንት ዓመት ሲረግሙ የኖሩ ሰው፣ በ2010 የቴሌና የአየር መንገድ ድርሻ ለሽያጭ ይቀርባል ሲባል «ወቅቱ የሚጠይቀው ነው» አሉ። ኅዳር 2012 ላይማ ማታ ኢሕአዴግ ሆነው ተኝተው ጠዋት ብልጽግና ሆነው ሲነሡ ካልሲያቸውን እንኳ አልቀየሩም።

ይህን አድርባይነት የሚሉ ምቀኞች አይጠፉም። እኔ ግን የእሳቸውን ያህል ጥርት ያለ የፖለቲካ ፕሮግራም ያለው ሰው አላየሁም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»፤ አለቀ። መግቢያ የለው፣ አባሪ የለው፣ በጉባኤ አይሻሻል። «መሬት ይሸጥ ወይስ የመንግሥት ይሁን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። «ስብሰባው መቼ ነው?» ይሏችኋል።

የእሳቸውን ጥበብ ማየት የፈለገ ግምገማ ላይ ይገኝ። እጃቸውን ያወጣሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ማስታወሻ ደብተራቸውን ይገልጣሉ (ያለፈው ሥልጠና ስም ተጽፎበታል፤ ውስጡ ባዶ ነው)። «ራሴን ስገመግም» ብለው ይጀምራሉ፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል። «ራሴን ስገመግም፣ ለሥራ ካለኝ ከልክ ያለፈ ፍቅር የተነሣ ቤተሰቤን የመበደል ዝንባሌ ታይቶብኛል።» ሰብሳቢው አንገቱን ይነቀንቃል። ቃለ ጉባኤ ያዡ ይጽፋል። ቀጥለው ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄያቸውም «ይህን የመሰለ ሰነድ እስከ ዛሬ ለምን ዘገየብን?» የሚል ነው። ሻይ ሰዓት ይደርሳል። አበሉ የሚፈረምበት ወረቀት ሲዞር ጋሽ አባልን የሚቀድም የለም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ጽናት እንዲሁ አልመጣም፤ ያሳደገውንም ማመስገን አለብን። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን ሲወስድ፣ ኢሕአዴግ አንድ ነገር ገባው፤ መራጩን በሐሳብ ማሳመን አድካሚ ነው፣ መመዝገብ ግን ቀላል ነው። ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረው አባል በሦስት ዓመት ውስጥ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሰዉ አንድ መሪ ለአምስት ሰው እየተባለ «አንድ ለአምስት» ተደራጀ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ከዲግሪው ጋር የአባልነት ፎርም ያዘ። ሥራ፣ ዕድገት፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ብድር፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሁሉም «አባል ነህ?» በሚል ጥያቄ ጀመረ። የመብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 ዘር፣ ማዳበሪያና ሴፍቲኔት ሳይቀር በፖለቲካ ታማኝነት ይታደላል ብሎ ሲጽፍ መንግሥት አስተባበለ። (ለማዳበሪያ ብሎ የፈረመውን ገበሬ እዚህ ምስጋና ውስጥ አላስገባውም። ዝናቡ የማይጠብቀው ሰው ምን ምርጫ ነበረው? ምስጋናው ምርጫ ለነበራቸው ብቻ ነው።)

አያቶቻችን የሹም ደጅ ሲጠኑ ማር ተሸክመው፣ ሙክት ጎትተው ነበር። ዛሬ መዋጮው ከደመወዝ ስለሚቆረጥ ደጅ ጠኚው ቢሮው ቁጭ ብሎ ይጠናል። ሥልጣኔ ነው።

በዚህ ሁሉ እኔን ከጋሽ አባል በላይ የሚያስደንቁኝ ግን ጌቶቻቸው ናቸው። ሚያዝያ 29 ቀን 1997 መስቀል አደባባይ በኢሕአዴግ ሰልፍ ጢም ብሎ ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ ያው አደባባይ በቅንጅት ሰልፍ ከዚያም ብሶ ጢም አለ። ጋሽ አባል ሁለቱም ቀን ነበሩ። ቅዳሜ ቲሸርት ለብሰው፣ እሑድ አውልቀው። ፓርቲው ከዚህ ምን ተማረ ብትሉ፣ ብዙ ቲሸርት ማሳተም። በ2002 ከ547 የፓርላማ መቀመጫ 545ቱን ከአጋሮቹ ጋር ወሰደ፤ በ2007 ሁለቱም አላመለጡትም፣ 547 ከ547። መቶ በመቶ የተወደደ መንግሥት! ከዚያ ምርጫ በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ኅዳር 2008፣ ኦሮሚያ በተቃውሞ ተናጠች። ያ ሁሉ ሚሊዮን አባል የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ካለ፣ ጋሽ አባል ቤታቸው ነበሩ፤ ትንሽ አመማቸው።

አሁን ብልጽግና አባሎቼ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ናቸው ይላል። እሰየው! ጋሽ አባል ጡረታ ቢወጡም ከአሥሩ ሚሊዮን አንዱ ናቸው። የፊት ወንበር ይይዛሉ፣ ጭብጨባ ያስጀምራሉ፣ «መደመር» የሚለውን ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቴ ያስገባሉ፣ የታሸገ ውሃ ሁለት ይዘው ይወጣሉ። የኮንዶሚኒየም ጉዳያቸውም መስመር ይዟል።

ስሙ ገና ላልወጣለት ለሚመጣው ፓርቲ አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ። ቲሸርቱን ሰፋ አድርጉት። ያለፈው ሥልጠና ላይ የታደላቸው ሆዳቸው ላይ አልወርድ ብሎ፣ መፈክሩ ግማሹ ብቻ ነበር የሚነበበው።