ወደ ቤዛዊት በባጃጅ አትውጡ

ባሕር ዳር የገባ እንግዳ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጀልባ አልያዙም?» ጣና አለ፣ ገዳማቱ አሉ፣ ጢስ ዓባይ አለ። ምሳ ዓሣ ይበላል። ማታ ሐይቅ ዳር ይቀመጣል። በነጋታው ይበራል። ከተማዋን አየኋት ብሎ ይሄዳል፤ ከፍ ብሎ ግን አላያትም።

እኛ ነዋሪዎቹም ከእንግዳው አንሻልም። ዓመት ሙሉ ፊታችን ወደ ውኃው ነው። ዓባይን ተሻግሮ ያለችውን ኮረብታ፣ ቤዛዊትን፣ የምናስታውሳት ዘመድ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜም ባጃጅ እንጠራለን፣ ላይ እንደርሳለን፣ ስልካችንን አውጥተን ፎቶ እናነሳለን፣ ባጃጁ ሳይቀዘቅዝ እንወርዳለን። «ቆንጆ ነው አይደል?» «በጣም።» አለቀ።

በእኔ እምነት ቤዛዊት በእግር ካልተወጣች ያላትን አትሰጥም። ከፍታዋ ያን ያህል አይደለም። በምሥራቅ በኩል ደቡብ ጎንደር ውስጥ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ሳለ ቤዛዊትን ተራራ ማለት ያስቃል። ግን ለከተማ ሰው እግር የተሠራች ኮረብታ ናት። ጠዋት ወጥቶ ለቁርስ መመለስ ይቻላል።

መንገዱ አያስቸግርም። በጎንደር መውጫ ዓባይን ትሻገራላችሁ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት መስመር አለው። እዚያ ላይ አትቸኩሉ። ከድልድዩ ወዲያ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ በወንዙ በኩል መውጣት ነው። ጠፋብኝ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ልጅ ይጠይቅ።

ዳገቱ ሲጀምር አንድ ድንጋይ አንሱና እዩት። ጥቁር ነው። ሁለመናው በጥቃቅን ቀዳዳ ተበሳስቷል፤ ከመጠኑም ቀለል ይላል። በባሕር ዳር ስንቱ አጥር ከዚህ ድንጋይ ተሠርቷል! እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ጣናንም ሐይቅ ያደረገው ይኸው እሳተ ገሞራ ነው። በጥንት ዘመን የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት በዚህ በደቡቡ በኩል የውኃውን መውጫ ዘጋው፤ ውኃውም ወደ ኋላ ተኛ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም የማያልፍ ሐይቅ የተፈጠረው እንዲህ ነው። ይህን በባጃጅ መስኮት ማየት አይቻልም። ድንጋዩን መርገጥ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእሱ መደናቀፍ ያስፈልጋል።

ትንፋሽ ካጠራችሁ አትፈሩ። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ቆሙና ዙሩ። ኮረብታ ሲወጣ ዋናው ሥራ መዞር ነው። እያንዳንዱ ማረፊያ ሌላ ነገር ያሳያል። መጀመሪያ ቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ቀጥሎ የዘንባባዎቹ ረድፍ፣ ቀጥሎ ከከተማው ኋላ የተዘረጋው ውኃ። ሐይቁ መጨረሻ እንደሌለው የሚገባን ከዚህ ነው። ዳር ላይ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ስንጠጣ የምናየው ጠርዙን ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ግን ብቻችሁን አይደላችሁም። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ይገጥሟችኋል። እንዴት እንደሚያርፉ ልብ በሉ። ሸክሙን አያወርዱትም፤ ካወረዱት ማን ያሸክማቸዋል? ከፍ ያለ ድንጋይ ፈልገው ጀርባቸውን ሰጥተው ክብደቱን ድንጋዩ ላይ ያሳርፉና እንደቆሙ ይተነፍሳሉ። ገመዱ ደረታቸው ላይ እንዳለ ነው። የእግር መንገዱን ረግጠው ያወጡት እንደ እነሱ ያሉት ናቸው። እኛ ለመዝናናት የመጣን ሰዎች መንገድ እንልቀቅላቸው። ፎቶ ከማንሳታችን በፊትም እንጠይቅ። ይህን መጻፍ ባያስፈልግ ደስ ባለኝ።

አንድ ጊዜ አህያ የሚነዱ አባት ላብ አጥምቆኝ አዩኝና ቆሙ።

«ልጄ፣ ባጃጅ አጣህ እንዴ?»

«አይ አባቴ፣ ለመንሸራሸር ነው።»

«ዳገት ለዳገት?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። እኛ አገር በእግር የሚሄድ ሰው ሌላ ምርጫ ያጣ ነው። ገበሬው ገበያ ለመድረስ ሰዓታት ይጓዛል። ልጆች ለትምህርት ወንዝ ይሻገራሉ። ትንሽ ገንዘብ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከእግሩ መገላገል ነው። ስለዚህ «በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው» የሚል የሬዲዮ ስብከት ማንንም ኮረብታ አያስወጣም። እኔንም አያስወጣኝም።

ግን በእግር የመሄድን ደስታ ከማንም መዋስ አያስፈልገንም። ለመሳለም ሲሆን እኮ አገር ያቋርጣል ሕዝባችን! ዘጌ ላይ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ወደ አዝዋ ማርያም በቡናው ጥላ ሥር የሚያዘግመውን ሰው «ምን አጥተህ ነው?» የሚለው የለም። ዘጌ ደኗን ይዛ የቆየችው በእምነት ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ትውፊት ምክንያት ምድሩ በበሬ ሳይታረስ ኖሯል። ቡና፣ ጌሾና ሎሚ የሕዝቡ ኑሮ ሆኑ። በጎጃምና በጎንደር ገጠርም ከሩቅ የዛፍ ክምችት ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ መሀሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሰው ወደዚያ ሲወጣ መንገዱንም ነው የሚሳለመው።

ቤዛዊት አናቷ ላይ ያለው ደብር ሳይሆን ቤተ መንግሥት ነው። ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የተሠራ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ ባሕር ዳር ለማዛወር አስበው ነበር ይባላል። ከዚያ ላይ ቆሞ ሐሳቡ ለምን እንደመጣ መገመት አይከብድም። ወደ ግቢው ካሜራ አታዙሩ፤ ጠባቂ ይቆጣችኋል፤ ከጠባቂ ጋር መጨቃጨቅ ደግሞ የወጣችሁበትን ነገር ያስረሳል። ደግነቱ ዋናው እይታ ከአጥሩ ውጭ ነው።

እይታው ዓባይ ነው። ከላይ ሲታይ መጀመሪያ ወንዝ አይመስልም። በደንገልና በቁጥቋጦ መሀል ይበታተናል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይገጥማል። ወደ ጢስ ዓባይ ለመሄድ ምንም የቸኮለ አይመስልም፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ገደል እንደሚጠብቀው የሚያውቅ አይመስልም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ይህ ማደሪያ የሌለው ዘዋሪ ከቤቱ ሲወጣ የሚታየው እዚህ ነው። ትዕግሥት ካላችሁ ጉማሬም ታያላችሁ። ጀርባው ብቻ ስለሚወጣ ድንጋይ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ከዚያ ድንጋዩ ይሰምጣል።

አሁን እንኳን ዘዋሪው እንደ ልቡ አይደለም። ከሐይቁ ሲወጣ የጫራ ጫራ ግድብ በሮች ይለኩታል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ ማመንጫ የሐይቁን ውኃ በዋሻ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ይጠቀምበታል። በበጋ ጢስ ዓባይ ሄዶ «ፏፏቴው የታል?» ያለ ሰው መልሱን በከፊል ከዚህ ያገኘዋል። ስለ ዓባይ ስንዘፍን ኖረናል። ለታላቁ ግድብ ከደመወዛችን አዋጥተናል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅም አይተናል። ወንዙ ሲጀምር ግን ቆሞ ያየው ስንታችን ነን? እዚሁ ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰው «አላየሁም» ሲለኝ ይገርመኛል።

መቼ ይኬድ? መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። አደዩ ገና አልረገፈም፣ ጭቃው ደርቋል፣ አየሩ ጠርቷል። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ጭጋግና አቧራ ናቸው፤ ሙቀቱም አይቻልም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጀምሩ፤ ውኃ ያዙ።

«አሁን ማን የሽርሽር ልብ አለው?» የሚል ይኖራል። አልፈርድበትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ ያለበትን ሁኔታ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጀልባው ቆሞ፣ አስጎብኚው ሥራ ፈትቶ የከረመበት ጊዜ ነው። ስለዚህ መውጣት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የአካባቢውን ሰው ይጠይቅ። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሉት ይቅርበት። ይህን ጽሑፍ አሁን የምጽፈው ግን ስለ ኮረብታ ብዙ ነገር የሚወሰነው ሰው በማይወጣበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ወጪ ወራጅ የሌለው መንገድ ተቆርቋሪም የለውም።

የእኛ ነገር ይታወቃል። ኮረብታ ካየን ሎጅ ይታየናል። እይታ ካለ እይታውን የሚጋርድ ፎቅ እንሠራለን። ከተሞቻችን በኮሪደር ልማት ለእግረኛ መንገድ መሥራት ጀምረዋል፤ ጥሩ ነው። ቤዛዊት ግን መብራትና ታይል አትፈልግም። የምትፈልገው ጥላ ነው። ከባሕር ዛፍ ይልቅ ወይራና ዋንዛ ይተከልባት። እንጨት ተሸካሚዎቹም መንገደኛውም የሚያርፉበት ሁለት ሦስት የድንጋይ መደብ ይሠራላት። ሸክም ለማሳረፍ እንዲመች ከፍ ያለ ይሁን። የአካባቢው ሴቶች ጀበናቸውን ይዘው ቡና ቢያፈሉ ማንም አያባርራቸው። ከዳገት በኋላ ቡና ያለ ሒሳብ ነው የሚጣፍጠው።

መኪናና ባጃጁ ከታች ይቁም። ባጃጅ ነጂዎቹ አይጎዱም፤ እንዲያውም እስከ ዳገቱ ሥር ሲያመላልሱ ይውላሉ። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች እስከ ላይ በመኪና ይግቡ፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የሚያከራክረኝ ሠርገኛው ነው። ቅዳሜና እሑድ በክላክስ እያናወጠ የሚወጣው የመኪና ሰልፍ እዚያው ታች ቢቀር ምን ይላል? ሙሽሮቹ ለፎቶ ከሆነ የሚወጡት ይራመዱ። ቬሎውን ሚዜዎቹ ይያዙላት።