ሎክ ማየት ብቻ አይበቃም
በከርነሉ (በሊኑክስ እምብርት) ውስጥ የሚሠራ የቪፒኤን ድራይቨር ኮድ እንዴት እንደሚገመገም (ሪቪው እንደሚደረግ) የሚያወራው ጽሑፍ «የጋራ ዳታው ሁሉ በሎክ ከተጠበቀ የቪፒኤን ድራይቨሩ ሪቪው አለቀ» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ሎክ ማለት ሁለት ሲፒዩ አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነካው የሚቆልፍ ነው። ከባዱ ሎኩ ሳይሆን የሜሞሪው ዕድሜ ነው። አንዱ ሲፒዩ ፒሩን (በቪፒኤኑ የተገናኘው የሌላኛው ማሽን መዝገብ) ሲሰርዝ ሌላው ገና የዚያን ፒር ፓኬት እያመሰጠረ ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ ሜሞሪውን ማን፣ መቼ ነው የሚለቀው? እ.ኤ.አ. በ2020 ሊኑክስ 5.6 ውስጥ የገባውን ዋየርጋርድ የተባለ ቪፒኤን ኮድ ክፈቱና እዩ፤ ፓኬቱ የየትኛው ፒር እንደሆነ የሚታወቅበት የአይፒ ፍለጋ ያለ ሎክ በአርሲዩ (አንባቢዎች ሳይቆልፉ እያነበቡ ሜሞሪው እንዳይለቀቅባቸው በሚያደርግ የከርነል ዘዴ) ነው የሚሄደው፣ ፒሩም እየተጠቀሙበት ያሉት ቆጠራ ዜሮ ካልደረሰ አይለቀቅም። እኔ ደብረ ብርሃን ቤቴ ቁጭ ብዬ የራሴን ትንሽ የቪፒኤን ከርነል ሞጁል ባለ 2 ኮር አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ስሞክር ሦስት ቀን ሙሉ ኮሽ አላለም። ባለ 8 ኮር ማሽን ላይ ጭኜ ትራፊክ እየሄደ ፒር ስጨምርና ስሰርዝ ግን ደቂቃ ሳይሞላ ከርነሉ ወደቀ። ጥፋቱ አንድ መስመር ነበር፦ ከአርሲዩ የንባብ ክልል ከወጣሁ በኋላ የፒሩን ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻውን) መልሼ ተጠቅሜበታለሁ። ከላይ ኮሜንት ላይ «ኬሲሳን ዝም ካለ ደህና ነው» ላልከው ወንድሜ፣ ኬሲሳን (KCSAN፣ የከርነል መፈተሻ መሣሪያ) የሚይዘው በሙከራው ሰዓት ሲፒዩዎች አንድን ዳታ ሲሻሙ የተከሰተውን ግጭት ብቻ ነው፣ ያውም በናሙና። የተለቀቀ ሜሞሪ መንካትን የሚያጋልጥልህ ሌላው መሣሪያ፣ ኬሳን (KASAN) ነው። ሁለቱንም አሂድ፣ ከዚያ ፒር የሚሰረዝበትን ኮድ መስመር በመስመር አንብበው።