እርማት፦ ሁሌም 8 አይደመርም

የአያት ቅድመ አያታችሁን ታሪክ ከውጭ አገር መዝገብ ለምትፈልጉ። «የኛን ዓመተ ምህረት ወደ ፈረንጅ ለመቀየር 8 መደመር ነው፣ አለቀ» የሚለው ምክር ከሰው ሰው እየተቀባበለ ነው። በቅንነት የተሰጠ ነው፤ ግን ለዓመቱ ሙሉ አይሠራም።

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው። 8 የሚሆነው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ፣ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው።

በሚታወቅ ቀን ሞክሩት። የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው፤ በፈረንጅ ኦክቶበር 3 ቀን 1935። የማይጨው ጦርነት ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 1928፤ ማርች 31 ቀን 1936። በእኛ አንድ ዓመት፣ በእነሱ ሁለት።

እና አያታችሁ የቆሰሉት ኅዳር 1928 ከሆነ፣ የ1936ን ሰነድ ስታገላብጡ ብትውሉ የምትለፉት በከንቱ ነው። መታየት ያለበት የ1935ቱ ነው። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት እዩ።

ቤተሰብ ስትጠይቁም «ከገና በፊት ነው በኋላ?» በሏቸው። ገና 7 ወደ 8 ከሚቀየርበት ቀን የሚርቀው በሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ደግሞ እማማዎቹ ዓመቱ ቢጠፋባቸው እንኳ በዓሉ አይጠፋቸውም።