አንድ ጎማ፣ አራት ዓይነት መንገድ

ኧረ የዚህ የብስክሌት ጎማ ነገር! ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ አስፋልት ነው። ትንሽ ገባ ሲሉ ኮብልስቶን፣ ከዚያ ኮረኮንች፣ ክረምት ላይ ደግሞ ያ ጥቁር መረሬ። አሁን ለዚህ ምን ጎማ ይገዛል?

ባለ ጥርሱ አስፋልት ላይ እየጮኸ ጉልበት ይጨርሳል። መሃሉ ልሙጥ፣ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው ይሻላል፤ በጋ ላይማ አንጀት ያርሳል። ጭቃ ላይ ግን ወላ ጥርስ ወላ ልሙጥ! መረሬው ጎማውና ሹካው መሃል ተጠቅጥቆ ብስክሌቱን ያሸክምሃል።

እሺ፣ 700 በ40 የሚባለውን፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር የሆነውን ጎማ ልግዛ ስትል ሻጩ «26 ኢንች ነው ያለው፣ ያው ነው» ይልሃል። ምኑ ነው ያው? 29 ቢለኝ እንኳ ይገባኛል፤ 700ውም 29ኙም የሚቀመጡበት ቸርኬ ዲያሜትሩ 622 ሚሊሜትር ነው፣ ፍሬሙ ስፋቱን ከቻለ ይሄዳል። የተራራ ብስክሌቱ 26 ግን 559 ነው!

ጎሚስታው ደግሞ የመኪና መንፊያውን ይዞ «ድንጋይ እስኪሆን ልንፋው?» ይላል። አይ ወንድሜ! እንደዚያ ከተነፋ ኮብልስቶን ላይ አጥንት ይነቀንቃል። ላላ ሲል ነው ኮረኮንች የሚቆነጥጠው። በጣም ከላላ ደግሞ ቸርኬው ድንጋይ ይመታል። ይህን ሁሉ ሳስረዳው እሱ ነፍቶ ጨርሷል።