ስልኩ የአንድ፣ ጆሮው የሁላችን

ሐበሻ ሰስቷል፣ ብቻውን መብላት ጀምሯል የሚሉ ሰዎች ታክሲ ባይሳፈሩ ነው። እስቲ አንዴ ከሜክሲኮ አየር ጤና በሚኒባስ ይሂዱ። ኋላ ወንበር ላይ ለአራት ተጣብቦ የተቀመጠው ወጣት ቲክቶኩን ከፍቶ ድምፁን እስከ ጋቢና ያድላል። ለራሱ ምንም አያስቀርም። ኢርፎን የለውም እንዳትሉ፣ አለው። ገመዱ ከኪሱ ተንጠልጥሎ ይታያል። ግን ይህ ሁሉ ሕዝብ ተቀምጦ እንዴት ብቻውን ይሳቅ?

ምርጫውስ ብትሉ! ቀልድ ይጀምርልናል፣ ልንስቅ ስንል ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀጥሎ ግማሽ መዝሙር፣ ሩብ የኳስ ትንታኔ፣ ከዚያ የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ። የወደዳትን ደግሞ እስክናጠናት ይደጋግምልናል። አንድ ምስጋና ቢስ «ወንድም፣ ድምፁን ቀንስልን» ቢለው «ካልተመቸህ ኮንትራት ያዝ!» አለው። ደግ አደረገ። ሲሰጡት እንቢ የሚል ሰው ምን ይባላል?

ይህ ጉዳይ ጃፓኖችንም አስጨንቆ ነበር። ሶኒ በ1979 የመጀመሪያውን ዎክማን (ይዘውት የሚዞሩትን ትንሽ የካሴት ማጫወቻ) ሲያወጣ፣ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆነው አኪዮ ሞሪታ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ብቻን ሙዚቃ መስማት ነውር መሰለው። ስለዚህ ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ ተበጀለት። ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ ከጎን ካለው ሰው ጋር ለማውራትም ብርቱካንማ ቁልፍ ተጨመረ። ምስኪን፣ ለሁለት ሰው ይህን ያህል ልፋት! የኛ ልጅ ያለ ምንም ተጨማሪ ቁልፍ ለ12 ሰው ያሰማል። ትርፍ ከተጫነማ ለ15። የማውሪያ ቁልፍም አያስፈልገንም፤ በዚያ ጩኸት ማን ከማን ጋር ያወራል?

ምስጢር ጠባቂ ነን ባይ መሐንዲሶችንም ልክ ያስገባናቸው እኛው ነን። ዋትስአፕ ከ2016 ጀምሮ መልእክትን ሁሉ ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳይሰማው ቆልፎታል። ኩባንያው ራሱ እንኳ አልሰማም ይላል። እኛ ግን ሰምተናል። በቀደም ከፊቴ የተቀመጡ እናት ከዱባይ የመጣላቸውን የድምፅ መልእክት ላውድ ላይ አድርገው ስልኩን እንደ ዳቦ አፋቸው ጋ ያዙት። ልጅቷ ለቤት መሥሪያ የላከችውን ብር ወንድሟ ባጃጅ ገዝቶበታል። ባጃጁም በስሙ ነው። «እማዬ፣ ይሄን ለነፍስ እንዳትነግሪ!» አለች በመጨረሻ። ታክሲው በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። ኋላ ያለው ባለ ቲክቶክ እንኳ፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ድምፁን ቀነሰ።

ከመካከላችን ያልሰማች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ኢርፎኗን ሰክታ በመስኮት ታያለች። እንዲህም ያለ ራስ ወዳድ አለ!

በዚህ ሁሉ ደግነት ውስጥ አንዲት ቅሬታ ብቻ አለችኝ። እናትየው ሁለተኛውን መልእክት ጀምረውልን፣ ልጁ ባጃጁን እመልሳለሁ ይበል አልመልስም ሳንሰማ፣ ዘነበወርቅ ላይ «ወራጅ አለ» ብለው ወረዱ። ምን ነበረበት ስልኩን ትተውልን ቢወርዱ?