ባለ ቢጫው ገንዳ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ባለችው ጀበና ቡና ቅዳሜ ከሰዓት የማይነሳ ወሬ የለም። ባለፈው የተነሳው ቆሻሻ ነው። ያነሳው ደግሞ ጀርመን ኖሮ ለእረፍት የመጣ የሰፈራችን ልጅ።

«እዚያ እኮ» አለ። ሁሌም እንዲህ ነው የሚጀምረው። «ፕላስቲክ በቢጫ ገንዳ፣ ወረቀት በሰማያዊ፣ የምግብ ትራፊ በቡናማ ነው የሚጣለው። የውሃ ፕላስቲኩን ሱፐርማርኬት ወስደህ ማሽኑ ውስጥ ስትከት 25 ዩሮ ሳንቲም ይመልስልሃል። አንዴ እሁድ ቀን ጠርሙስ ልጥል ብወጣ ጎረቤቴ ተቆጣኝ። ድምፁ ሰው ይረብሻል ተብሎ!» ስለ ገንዳው ሲያወራ ስለ እናቱ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ቡና የሚያፈሉት እትዬ ስኒ እያለቀለቁ ሰሙትና፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ?»

«እናትህ ለስላሳ ግዛ ብላ ስትልክህ ባዶ ጠርሙስ ሳትይዝ ሄደህ ታውቃለህ? ባለሱቁ መቼ ይሰጥሃል? ጠርሙስ ከሌለህ ማስያዣ ቁጭ ታደርጋለህ። እኛ ማሽኑ ነው የሌለን።»

ልጁ ፈገግ አለ። «እሱ እኮ በድህነት ነው። ስልጣኔ ሌላ ነው።»

የክርክሩ ጉልበት ይቺው ናት። እኛ ስናደርገው ድህነት፣ እነሱ ሲያደርጉት ስልጣኔ።

እትዬ አልለቀቁትም። የዘይቱ ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል፤ የተረፈው እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። ቆራሌው ጠዋት ሲጮህ የተበሳ ድስትና ያለቀ ጫማ ይዘው ይወርዳሉ። «ገንዘብ ሰጥቶኝ ይሄዳል እንጂ አያስከፍለኝም። የብብቷን ጣለች!»

ልጁ መልስ ሲያጣ መንገድ ዳር ወዳለው ቦይ ጠቆመ። ፌስታል ሞልቶታል። እውነቱን ነው።

«እሱ ነዋ የቆጡ!» አሉ እትዬ። «የብብታችንማ ዘንቢል ነበር።»

ሳቅን። በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። ዘንቢል ይዞ ለሚገበያይ ትውልድ አዋጅ ባላስፈለገው ነበር።

ልጁ ያልነገረን ሌላም አለ። ጀርመን ከፕላስቲክ ቆሻሻዋ የተወሰነውን ወደ ቱርክና ማሌዢያ ስትልክ ኖራለች። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2018 በቃኝ እስክትል ድረስ ከአውሮፓ ብዙ ትቀበል ነበር። ቢጫው ገንዳ ከደጅ ከተነሳ በኋላ የት እንደሚሄድ ማንም አይጠይቅም። እኛስ ብንሆን? ቆሻሻችንን የሚለዩልን ቆሼ ላይ የሚውሉት ሰዎች ናቸው። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ሲናድ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። እዚያው ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። ዛሬም ማዳበሪያ ተሸክሞ ፕላስቲክ የሚለቅም ልጅ ሲያልፍ ቦርሳችንን ጠበቅ እናደርጋለን። ቢጫ ገንዳ ያለውን ግን አፋችንን ከፍተን እንሰማለን።

የኔን ሆድ የሚያቃጥለው ደግሞ የእድሩ ነገር ነው። እድራችን ሳህን አለው፣ ብርጭቆ አለው፣ ጆግ አለው፤ ሁሉም በየወሩ ባዋጣነው ብር የተገዛ። ለቅሶ ሲደርስ ግን ድንኳኑ ውስጥ የሚታደለው የታሸገ ውሃ ነው፤ ምግቡም አንዴ ተበልቶበት በሚጣል ሳህን። ለምን ሲባል «የሚያጥብ የለም» ይባላል። ድሮ ጎረቤት ተሰብስቦ ያጥብ ነበር። አሁን ጎረቤት ሬሳ እስኪወጣ ስልኩን እየነካካ ተቀምጦ ይሄዳል። ባለፈው ስብሰባ ሳህኖቹ ይሸጡ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ደጋፊውም ብዙ ነው።